አንድ ቆጣሪ፣ ብዙ ተከራይ፦ ጨረቃ ላይ ኮረንቲ እንዴት ይካፈላል?

ደብረ ብርሃን ተከራይቼ የኖርኩበት ግቢ አንድ ቆጣሪ ነበረው። ተከራዮቹ ግን አምስት ነበርን። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰው ባንድ ላይ ምጣድ ከሰካ አለቀ፤ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ግቢው እንዳለ ይጨልማል። ይሄኔ አከራያችን እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ ይላሉ። «ማነው ደሞ ሳይነግረኝ የጣደ?» መልስ የለም። የሊጡ ሽታ ግን ይናገራል።

በኋላ እማማ ሕግ አወጡ። ምጣድ በተራ። ምጣድ ላይ ካውያ አይደረብም። የጓሮዋ አራስ ማሞቂያ ግን በማንም ምክንያት አይነቀልም። የኅዳርን ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ የቀመሰ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ወር ሲሞላ ሂሳቡ በአምፖልና በሶኬት ቁጥር ይካፈላል። እሱ ላይ ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነበር።

ግቢውን ሰሞኑን ያስታወሰኝ ነገር ራሴንም አስቆኛል። ጨረቃ ላይ ሊዘረጋ ስለታሰበ የኮረንቲ መስመር እያነበብኩ ነበር። ጨረቃ ላይ መኖር ሲባል ብዙ ሰው ሮኬቱን ያስባል፣ ኦክስጅኑን ያስባል። ኦክስጅኑንም፣ ውሃውንም፣ ሙቀቱንም የሚሰጠው ግን ኮረንቲ ነው። ማመንጨቱ ቀላል ባይሆንም ሰው ጠፈር ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራው የኖረ ነገር ነው። እኔ እንደገባኝ ከባዱ ሌላ ነው፦ የተለያየ አገርና የተለያየ ኩባንያ ያመጣቸውን ቤቶች፣ መኪናዎችና ማሽኖች በአንድ መስመር ላይ አስማምቶ ማኖር። የእማማ ሥራ ማለት ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጉዳዩ ከዚያ ወገን ስለሆነ ይቀለኛል።

በምጣድ ሲለካ

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። ናሳ በ2022 ሦስት ቡድኖች ለጨረቃ የሚሆን ትንሽ የኑክሌር ሪአክተር እንዲነድፉ ውል ሲሰጥ የፈለገው 40 ኪሎዋት ነበር። ይህ አሥራ አንድ ምጣድ ነው። አሥራ ሁለተኛው ከተጣደ እማማ ይወጣሉ። በ2025 ፍላጎቱ ቢያንስ ወደ 100 ኪሎዋት ከፍ አለ። እሱም ቢሆን ሃያ ስምንት ምጣድ ነው። ምድርን የሚዞረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እንኳ ከእነዚያ ሁሉ የሶላር ክንፎቹ የሚያገኘው ከ84 እስከ 120 ኪሎዋት ነው። ለደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ይህ ለአፍ ማሟሻ አይሆንም።

ለምን እንዲህ ትንሽ ሆነ? ክብደት ነው። ወደ ጨረቃ የሚሄድ ጭነት ዋጋው በኪሎ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። አንድ ጥቅል ሽቦ ጨምሩ ማለት ሌላ ነገር ቀንሱ ማለት ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ «ለያንዳንዱ ቤት የራሱ ጄነሬተር» ማለት አይችሉም። አንዱ ሲተርፈው ለሌላው መስጠት አለበት። የጋራ መስመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የአንዱ ሶላር ሲበላሽ የሌላው እንዲደርስለትም ጭምር።

ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ሌሊት

ጨረቃ ላይ ከአንድ ንጋት እስከ ሌላው ንጋት 29 ቀን ተኩል ነው። ግማሹ ብርሃን፣ ግማሹ ጨለማ። ከምድር ወገቧ አካባቢ ቀን ላይ ሙቀቱ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሌሊት ከዜሮ በታች 130 እና ከዚያም በላይ ይወርዳል። አየር የለም፣ ደመና የለም፣ ሙቀቱን የሚይዝለት ነገር የለም።

ሕንድ ይህን ሌሊት በደንብ ታውቀዋለች። ቻንድራያን 3 የተባለችው መንኮራኩሯ ኦገስት 23 ቀን 2023 ወደ ጨረቃ ደቡብ ዋልታ ጠጋ ብላ አረፈች። ቪክራም የተባለችው አራፊና ፕራግያን የተባለችው ትንሽ ተሽከርካሪ አንድ የጨረቃ ቀን ሙሉ ሠሩ። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት እንዲተኙ ተደረገ። ሲነጋ ተጠሩ፤ አልመለሱም። ሥራቸውን ጨርሰው ነበርና ኪሳራ አይባልም። ግን ከአንድ ሌሊት ያለማሞቂያ ማለፍ ምን እንደሆነ አሳዩ።

«ታዲያ ባትሪ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ከዚያ ወረቀት ላይ ሠራሁት። አንድ መኖሪያ 10 ኪሎዋት ብቻ ቢፈልግ፣ ሌሊቱ 354 ሰዓት ነው፤ 3,540 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል። አንድ ኪሎ የሊቲየም ባትሪ ሽፋኑን ጨምሮ ከ150 እስከ 200 ዋት ሰዓት ይይዛል ብንል፣ 20 ቶን አካባቢ ባትሪ ያስፈልጋል። ለአንድ ቤት፣ ለሦስት ምጣድ የማይሞላ ኮረንቲ። እዚህ ጋ ነው ሐሳቡ የሚቀየረው።

መፍትሔው አንዱ ቦታ መምረጥ ነው። ጨረቃ ዘንበል የምትለው 1.5 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ ዋልታዎቿ ላይ ፀሐይ ሽቅብ አትወጣም፤ አድማሱን እየታከከች ትዞራለች። ከፍ ያለ ሸንተረር ላይ የቆመ ሰው በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ያያል። በደቡብ ዋልታ ሻክልተን በተባለው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ከዓመቱ ከ80 በመቶ በላይ ብርሃን የሚያገኙ ነጥቦች አሉ። ሶላሩ እንደኛ ጣሪያ ላይ ተጋድሞ አይሆንም። እንደ ባንዲራ ቀጥ ብሎ ቆሞ ፀሐይዋን እየተከተለ መዞር አለበት።

እነዚያን ቦታዎች የዘርፉ ሰዎች የዘላለም ብርሃን ጫፎች ይሏቸዋል። ዘላለም የሚለው ትንሽ ተጋኗል፤ አልፎ አልፎ ለጥቂት ቀናት ይጨልማሉ። ስማቸውን ስሰማ ግን ከተማዬ ትዝ አለችኝ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ ይባላል። ብዙ የታሪክ ሰዎች ብርሃኑ በ1456 ያለፈው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የሰማይ ነገር ከተማችን ላይ ስም ትቶ የሄደው ዛሬ አይደለም እንግዲህ።

ብርሃኑ ላይ፣ ውሃው ታች

ችግሩ ሰው ወደ ደቡብ ዋልታ የሚሄደው ለብርሃኑ ብቻ አለመሆኑ ነው። ውሃም ፈልጎ ነው። በ2009 ናሳ ኤልክሮስ በተባለ ተልዕኮ ባዶ የሮኬት ክፍል ካቤየስ ከሚባል ጉድጓድ ውስጥ ሆን ብሎ አጋጨ። ከተነሳው ብናኝ ውስጥ ውሃ ተገኘ። በረዶው ያለው ፀሐይ ለቢሊዮን ዓመታት ገብታባቸው የማታውቅ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ200 ዲግሪ በላይ ይወርዳል።

ጣርማ በር ላይ ማለዳ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። እናንተ ፀሐይ እየሞቃችሁ ነው። ታች ወደ ሸዋ ሮቢት ያለው ቆላ ግን ጭጋግ ለብሶ ገና አልነጋለትም። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ቁልቁለቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻክልተን የዚህ እጥፍ፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ስፋቱ 21 ኪሎ ሜትር። ሶላሩ ጣርማ በር ላይ፣ ሥራው ሸዋ ሮቢት። መሐሉን ማን ያገናኘዋል? ገመድ።

ሪአክተር ከመጣም ያው ገመድ ነው። ሪአክተር ሌሊትም ቀንም ይሠራል፤ ፀጋው እሱ ነው። በ2018 ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ክረስቲ የተባለ ትንሽ ሙከራ ሪአክተር 28 ሰዓት ያህል ተፈትሾ ሐሳቡ እንደሚሠራ አሳይቷል። ግን ጨረር አለው። ጎረቤት አድርጋችሁት አትተኙም። ከመኖሪያው ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ወይም ጉብታ ይከለልበታል። ርቀት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ገመዱ ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ ይበላል።

«ይበላል» ያልኩት ገመድ ራሱ ኮረንቲ ስለሚበላ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ እምብርት ነውና።

40 ኪሎዋት 3 ኪሎ ሜትር ርቀት መላክ ፈለግን እንበል። በጠፈር የተለመደው 120 ቮልት ነው። በሱ ከላክነው ገመዱ ውስጥ 333 አምፔር መፍሰስ አለበት። በ3,000 ቮልት ከላክነው 13 አምፔር ይበቃል። ገመዱ ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ በአምፔሩ ካሬ ነው የሚያድገው። አምፔሩ 25 ጊዜ ካነሰ ብክነቱ 625 ጊዜ ያንሳል። ውፍረቱ 10 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ፣ ሄዶ መላሹ ሲደመር 6 ኪሎ ሜትር መዳብ ብንዘረጋ፣ በ3,000 ቮልቱ የሚባክነው ከ2 ኪሎዋት በታች ነው። በ120 ቮልቱ ግን ጉዳዩ ብክነት እንኳ አይባልም፤ ወዲያኛው ጫፍ የሚደርስ ነገር የለም። ያን ያህል ኮረንቲ በዚያ ቀጭን ሽቦ ለመግፋት 3,400 ቮልት ብቻውን ገመዱ ይጨርሰዋል።

የመዳቡ ክብደት ብቻ 540 ኪሎ ገደማ ይመጣል። በአሉሚኒየም ቢሆን በግማሽ ይቀላል፤ ትንሽ ወፈር ይበል እንጂ። ስለዚህ ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ መላክ፣ ሲደርስ ዝቅ አድርጎ መጠቀም። አገራችንም የምታደርገው ይኸው ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ 500 ሺህ ቮልት ይዞ ነው የሚሄደው። እሱ ደግሞ እንደ ቤታችን መስመር ኤሲ ሳይሆን ዲሲ ነው።

ኤሲ ማለት አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ የሚቀያይር ኮረንቲ ነው፤ የኛ በሰከንድ 50 ዙር። ዲሲ ባንድ አቅጣጫ ይፈስሳል፤ የባትሪና የሶላር ኮረንቲ ነው። ለጨረቃ የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ መሐንዲሶቹ ገና ይከራከራሉ። ዲሲ ከሶላሩም ከባትሪውም ከኮምፒውተሩም ጋር በቀጥታ ይግባባል። ግን ሲቋረጥ አመለኛ ነው። ኤሲ በየዙሩ ዜሮን ስለሚያልፍ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ የሚነሳው ብልጭታ በራሱ ይሞታል። የዲሲ ብልጭታ ግን የሚያርፍበት ጊዜ የለውም፤ ብሬከሩ ታግሎ ነው የሚያጠፋው። ኤሲ ደግሞ ቮልቴጁን ለማውጣትና ለማውረድ ብረትና ሽቦ ብቻ ያለው ትራንስፎርመር ይበቃዋል። የጠፈር ጨረር በቀላሉ የሚጎዳው ረቂቅ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ይቀንስለታል። እኔ ብጠየቅ ረጅሙን መንገድ ለኤሲ፣ ሰፈሩን ለዲሲ እሰጥ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ይህን ገመድ የሚያሻሽል ሐሳብ ለማግኘት ናሳ ዋትስ ኦን ዘ ሙን የተባለ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ኮረንቲን ርቆ የሚልክና የሚያጠራቅም መሣሪያ ሠርተው፣ አየር በሌለበትና እጅግ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ አስፈተኑ። በ2024 ሲጠናቀቅ አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ቡድን ነው። 1 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በኪሎ ስታስቡት አንድ ኪሎ ጭነት እንኳ ላያደርስ ይችላል!

ኧርዝ የሌለው መሬት

የግቢያችን ኤሌክትሪሻን ኧርዝ ሲቀብር ጨውና ከሰል አስገዝቶን ነበር። «መሬቱ እርጥብ ካልሆነ ኮረንቲ አይቀበልም» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ኧርዝ የሚሠራው አፈር ውስጥ ያለ እርጥበትና ጨው ኮረንቲ ስለሚያሳልፍ ነው። የጨረቃ አፈር ጠብታ እርጥበት የለውም። ብረት ብትቀብሩበት ጆንያ ጤፍ ውስጥ እንደ መቅበር ነው። ስለዚህ አደጋ ሲደርስ ኮረንቲው የሚሸሽበትን መንገድ ራሳችሁ በሽቦ መሥራት አለባችሁ። የሁሉም ቤት ብረት ከሁሉም ቤት ብረት ጋር ይታሰራል። አንዱ ኩባንያ በዚህ ካልተስማማ፣ ከሱ ቤት ወጥቶ የጎረቤቱን በር የሚነካ ጠፈርተኛ ሊነዝረው ይችላል።

አየር አለመኖሩም የራሱ ጣጣ አለው። እዚህ ኢንቨርተራችሁ ሲግል ፋኑ ይዞራል፣ ነፋሱ ያበርደዋል። እዚያ የሚነፍስ የለም። ሙቀቱን ወደ ጥቁሩ ሰማይ የሚለቅ ሰፊ ዝርግ ብረት ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ኮረንቲ እያለም መጠቀም አይቻልም። በዲሴምበር 2013 ጠፈር ጣቢያው ላይ ይህ ደርሷል። ከሁለቱ የማቀዝቀዣ መስመሮች አንዱ ቫልቩ ተበላሸና ጠፈርተኞቹ አስፈላጊ ያልሆኑ መሣሪያዎችን እየመረጡ አጠፉ። የአውሮፓና የጃፓን ክፍሎች ውስጥ የነበረ ሥራ ሳይቀር ተነካ። ሶላሩ ግን ደህና ነበር።

አቧራው ሌላ ነው። የጨረቃ አቧራ ውሃና ነፋስ ስላላለሰለሰው እንደ ተፈጨ ጠርሙስ ስለታም ነው። በዚያ ላይ ይጣበቃል። የሶኬት አፍ ውስጥ ከገባ ሶኬቱ አለቀለት። ለዚህ ነው እርስ በርስ ሳይነካኩ ኮረንቲ የሚያስተላልፉ፣ እንደ ስልክ ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርጉ ዓይነት መሰኪያዎች የሚሞከሩት።

ገመዱ ራሱም መሬት ላይ ተጋድሞ ከቀረ ሰው ያደናቅፋል። ቀልድ አይደለም፤ ሆኗል። የአፖሎ ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ትተውት የመጡት የምርምር ጣቢያ በትንሹ የመጀመሪያው የጨረቃ የጋራ መስመር ነበር። መሐል ላይ አንድ ማከፋፈያ፤ በዙሪያው ብዙ መሣሪያ፤ ሁሉም በጠፍጣፋ ገመድ ከመሐሉ ጋር የተያያዘ። ኮረንቲው የሚመጣው ከፕሉቶኒየም ሙቀት ነበር፤ 70 ዋት ያህል። አንድ የድሮ አምፖል ማለት ነው። በአፕሪል 1972 የአፖሎ 16 አዛዥ ጆን ያንግ ሳያውቀው እግሩን ገመድ ይዞት የአንዱን መሣሪያ መስመር ቆረጠው። የጨረቃን የውስጥ ሙቀት ይለካል የተባለው መሣሪያ በዚያው ቀረ። እኛ ግቢ ዲቫይደሩን በር ላይ ዘርግተን ስንት ጊዜ ተደናቅፈናል! እንዲያው የኛ መልሶ ይሰካል።

የተለያየ ሶኬት፣ የተለያየ አገር

ጠፈር ጣቢያው የተከራዮች ግቢ ልምድ አለው። የአሜሪካው ወገን ከሶላሩ በ160 ቮልት አካባቢ ይቀበላል፣ ወደ 124 ቮልት አውርዶ ለክፍሎቹ ያከፋፍላል። የሩሲያው ወገን በ28 ቮልት ነው የሚሠራው። ሁለቱም ዲሲ ናቸው፤ ግን ቀጥታ ብታገናኟቸው አንዱ ይቃጠላል። በመሐል መቀየሪያ ሳጥን ተቀመጠና በየቮልታቸው እየኖሩ ተሰጣጡ። ጣቢያው ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ አንዴ ይዞራል፣ በየዙሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጨልምበታል። ባትሪዎቹ በቀን 16 ጊዜ ያህል ይሞላሉ፣ ይጎድላሉ። ከ2017 እስከ 2021 ድረስ 48ቱ አሮጌ ባትሪዎች ወርደው 24 የሊቲየም ባትሪዎች ተተክተዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ተከራዮቹ አልወጡም።

ከዚህ ተምረው ይመስለኛል አጋሮቹ የጠፈር ድርጅቶች ለመጪው ጉዞ የጋራ የኮረንቲ መስፈርት አወጡ። የተመረጠው 120 ቮልት ዲሲ ነው። ሰፈር ውስጥ ለምትሰኩት ማለት ነው፤ ለረጅሙ መንገድ አይበቃም፣ ቅድም አይተነዋል። ቁጥሩ ራሱ አይደለም ቁም ነገሩ። ከእንግሊዝ የመጣ ዘመድ ቻርጀሩን ይዞ አዳፕተር ፍለጋ ደብረ ብርሃንን ሲዞር አስቡት። ጨረቃ ላይ ሱቅ የለም።

ማን መጀመሪያ ይጠፋል?

ቅድም የእማማን ሕግ ያመጣሁት ለዚህ ነው።

ጨረቃ ላይ ብሬከሩን የሚከታተል ሰው ከምድር ሊቀመጥ አይችልም። መልእክት ከምድር ጨረቃ ለመድረስ 1.3 ሰከንድ ይፈጃል፤ ደርሶ መልስ ከሁለት ሰከንድ ተኩል በላይ። የኮረንቲ ብልሽት በሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ነው መቆረጥ ያለበት። መስመሩ በራሱ ማወቅ አለበት።

አንዱ ዘዴ ቀላልነቱ ይገርመኛል። እኛ ግቢ ምጣድ ሲጣድ አምፖሎቹ ደብዘዝ ይሉ ነበር። እማማ ከክፍላቸው ሳይወጡ «ተጣደ» ይሉ ነበር። ቮልቴጁ ወረድ ማለቱ ራሱ ወሬ ነው። የጨረቃውም መስመር በዚህ ሊጠቀም ይችላል። እያንዳንዱ አመንጪ ብዙ በሰጠ ቁጥር ቮልቴጁን በጥቂቱ ዝቅ እንዲያደርግ ይሠራል። ሁለት በርሜል ውሃ በጎማ ብታገናኙ ከፍ ያለው ነው ወደ ዝቅተኛው የሚሰጠው፤ ማንም ሳይነግራቸው ይተካከላሉ። ሶላሩና ሪአክተሩም እንደዚያ ናቸው። አንዱ ሲደክም ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ያልደከመው ይሸከማል። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ፣ የመገናኛው ሽቦ ቢበጠስ ክፍፍሉ አይቆምም።

አጠቃላይ ሲያንስ ግን መቁረጥ ግድ ነው። እዚህ ላይ የአሜሪካው ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪዎች ከናሳ ጋር የሠሩት ሐሳብ ደስ ይለኛል። ሰው የሚኖርበት ቤት የራሱ መስመር አለው። ማዕድንና በረዶ የሚቆፍረው፣ ኦክስጅን የሚያወጣው ጣቢያ የራሱ። ሁለቱ በመደበኛው ቀን ለየብቻ ይኖራሉ፤ በመሐላቸው ግን ገመድ አለ። ቤቱ ሲቸገር ቁፋሮው ቆሞ ኮረንቲውን ይሰጣል። ቁፋሮ አንድ ቀን ቢቆም ማንም አይሞትም። ትንፋሽ ቢቆም ግን ይሞታል። የአራሷ ማሞቂያ አይነቀልም፣ ምጣዱ ይጠብቃል።

ይህ የሚሠራው ቁፋሮውም ቤቱም የአንድ ሰው ከሆነ ነው። የአንዱ ኩባንያ ቁፋሮ ቆሞ የሌላው አገር ቤት የሚሞቅ ከሆነስ? የቴክኒኩ ጥያቄ እዚህ ጋ ያልቅና የሰው ጥያቄ ይጀምራል። በዚህ በኩል መንዝ ከማንም በላይ የሚያስተምር ነገር አለው። የጓሳን ሣር የመንዝ ሰው ለ400 ዓመታት ገደማ በጋራ ጠብቆ ኖሯል፤ ቄሮ በሚባል ሥርዓት። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ሲደርስ ተነጋግረው ይከፍቱት ነበር፣ በተባለው ቀን ባለመብቱ ገብቶ ያጭድ ነበር፣ ደግሞ ይዘጋ ነበር። ከተባለው ቀን በፊት የገባ ይቀጣ ነበር። ሣሩ የተረፈው ጠባቂው በርትቶ ብቻ አይመስለኝም። የሚጠብቀው ሰው የሚያጭደውም እሱ ስለሆነ ነው። የጨረቃ መስመር ነዳፊዎች ሥራቸው አልጎሪዝም መጻፍ ቢሆንም፣ አልጎሪዝሙ ውስጥ የሚጻፈው እንዲህ ዓይነት ውል ነው፦ መቼ ይዘጋል፣ ማን ይቀድማል፣ ሥራው የቆመበት ምን ይከፈለዋል።

ስለ ማርስ ለሚጠይቀኝ ሰው ባጭሩ፦ ቀኑ ከኛ ቀን በ40 ደቂቃ ያህል ብቻ ይበልጣል፣ ሌሊቱ ቀላል ነው። ፀሐይዋ ግን ከኛ በግማሽ አይሞላም፤ 43 በመቶ። አቧራ ደግሞ ፕላኔቱን ያለብሰዋል። በ2004 ያረፈው ኦፖርቹኒቲ የተባለው ተሽከርካሪ በ2018 የአቧራ ማዕበል ፀሐዩን ጋርዶበት ዝም አለ። መልእክት አንድ መንገድ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ከምድር ማዘዝ ጭራሽ አይታሰብም።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ለእማማ በስልክ ነገርኳቸው። አሁንም እዚያው ግቢ ናቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ቆጣሪው በማን ስም ነው?» አሉ።

ጥያቄው ከሕጉ ዘንድ መልስ አለው፣ ግማሽ መልስ። በ1967 የጸናው የጠፈር ስምምነት ጨረቃን ማንም አገር የኔ ነው ማለት አይችልም ይላል። እዚያ የወሰዳችሁት ዕቃ ግን የባለቤቱ ንብረት ሆኖ ይቀጥላል። እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ፣ ቤቱ የባለቤቱ። ስለዚህ ሶላሩ ባለቤት አለው፣ ገመዱ ባለቤት አለው፣ ገመዱ የተጋደመበት አፈር የለውም። ቆጣሪ ደግሞ በየመገናኛው መቀየሪያ ሳጥን ላይ ይኖራል፤ ማን ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሰጠ፣ ማን ስንት እንደወሰደ በዚያ ይታወቃል። እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ እማማ። «ብቻ እንደኛ በሶኬት ቁጥር እንዳያካፍሉ ንገራቸው።»